ክሊኒክ ከመሥራታችሁ በፊት

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። በምሥራቅ ጎጃም ደጋ ባለ አንድ የገጠር ቀበሌ የሚገኙ እድሮች፣ የሰበካ ጉባኤው፣ የትምህርት ቤቱ መምህራን እና አዲስ አበባ የሚኖሩ የአካባቢው ተወላጆች ለሕዝቡ ጤና አብረው ለመሥራት ተስማምተዋል። ጥቂት ገንዘብም አዋጥተዋል። የእድሮቹ ጸሐፊ እንዲህ ሲሉ ጽፈዋል፦ «ገሚሳችን ክሊኒክ እንሥራ ይላል፣ ገሚሳችን አምቡላንስ እንግዛ ይላል። ወረዳውን ገና አላማከርንም። ከየት እንጀምር? ተጀምሮ እንዳይቀርብንስ ምን እናድርግ?»

ምላሼን ከመጨረሻው ልጀምር፤ ክሊኒኩንም አምቡላንሱንም ለጊዜው ተዉት። ሐሳቡን ለማናናቅ አይደለም። ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክሞ በጭቃ ቁልቁለት የወረደ ሰው ክሊኒክ ቢመኝ አይፈረድበትም። ነገር ግን ሕንፃ የሚሠራው አንድ ጊዜ ነው፤ ደመወዝ፣ መድኃኒት፣ የላብራቶሪ ዕቃ እና የጥበቃ ክፍያ በየወሩ ይመጣሉ። ፈቃድ ሰጪውም ግድግዳውን ብቻ አይቶ አይፈቅድም። የተመዘገበ ባለሙያ፣ ውሃ፣ መጸዳጃ ቤት፣ የሕክምና ቆሻሻ ማስወገጃ መኖሩን ያረጋግጣል። ይህን ሁሉ አሟልታችሁ ብትከፍቱ እንኳ አንድ ነርስ ወይም ጤና መኮንን በመዋጮ ደመወዝ ለዓመታት ማቆየት ከእድር አቅም በላይ ነው። አምቡላንሱም እንዲሁ ነው። መኪናው ሲገዛ ደስታ ይሆናል፤ ከዚያ ነዳጁ፣ ጎማው፣ የሾፌሩ አበል እና የመለዋወጫው ዋጋ ይከተላል። መንገድ በማይገባበት ጎጥ ደግሞ ክረምት ላይ መኪናው ከነጭራሹ አይደርስም።

እንግዲህ ገንዘባችሁ የት ይዋል? እኔ የምመክረው በየወሩ በሚደጋገም፣ መንግሥት በማይከፍለው፣ ቀድሞውኑ አካባቢው ላይ ባሉ ሰዎች እጅ ሊሠራ በሚችል ነገር ላይ እንዲውል ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከዚህ አንድ ሐሳብ የሚወጣ ነው።

መጀመሪያ ያላችሁን እንቁጠር። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ እያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ ጤና ኬላ እና ብዙ ጊዜ ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች እንዲኖሩት ተደርጓል። አንድ ጤና ኬላ ለ5,000 ያህል ሰው፣ በላዩ ያለው ጤና ጣቢያ ለ25,000 ያህል፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሉ ደግሞ ከ60,000 እስከ 100,000 ለሚደርስ ሕዝብ ይታሰባሉ። የእናንተ ቀበሌም በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ነው። ባለሙያዎቹ ደመወዛቸውን ከመንግሥት ያገኛሉ፤ የየቤቱ ማህደርም በእጃቸው ነው። የትኛዋ ሴት እንዳረገዘች፣ የትኛው ሕፃን ክትባት እንዳቋረጠ፣ የማን ቤት መጸዳጃ እንደሌለው ከማንም በላይ የምታውቀው ባለሙያዋ ናት።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ጤና ኬላችን ለምን ይዘጋል?» ነው መሆን ያለበት። ብዙ ሰው «ሄድን፣ አጣናት» ብሎ ያማርራል። ባለሙያዋ ግን ግማሽ ጊዜዋን ቤት ለቤት እንድትዞር የታዘዘች ናት፤ በዚያ ላይ የክትባት ዘመቻ አለ፣ ወረዳ ላይ ስብሰባ አለ፣ ሪፖርት አለ። ብዙዎቹ ከሌላ ቦታ ተመድበው የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። የሚኖሩበት ቤት መቆለፊያ የሌለው፣ ማታ ለመውጣት የሚያሰጋ ከሆነ ቅዳሜና እሑድ ወደ ከተማ መሄዳቸው አይቀርም። እድራችሁ በደቦ አንድ ደህና ቤት ቢሠራላቸው፣ ጤና ኬላው ውሃ መቅጃ እና የፀሐይ መብራት እንዲኖረው ቢያደርግ፣ «ሰኞ እና ሐሙስ ጤና ኬላ፣ ሌላው ቀን ጎጥ» የሚል የታወቀ መርሐ ግብር ከእነሱ ጋር ተስማምቶ በቤተ ክርስቲያን አውደ ምሕረት ቢያስነግር፣ ክሊኒክ ከመሥራት በእጅጉ ባነሰ ወጪ ብዙ ሰው ያገለግላል። ይህ ትንሽ ነገር መስሎ እንዳይታያችሁ። የገጠር ጤና አገልግሎት የሚሳካውም የሚከሽፈውም በዚህች ሴት ትከሻ ላይ ነው፤ ለእሷ የሚደረገውን እንክብካቤ እንደ ውለታ ማየታችን እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ወረዳውን ገና አላማከርንም ያሉትን በተመለከተ፣ ዛሬ ነገ ሳትሉ አማክሩ። ወረዳ ጤና ጽህፈት ቤቱ ዓመታዊ ዕቅዱን በጀት ዓመቱ ከመጀመሩ ከሐምሌ በፊት ያዘጋጃል። የእናንተ ሐሳብ ከዚያ ዕቅድ ውስጥ ከገባ ባለሙያ ይመደብለታል፣ ሪፖርት ይጠየቅበታል። ከዕቅዱ ውጭ ከቀረ ግን የበጎ ሰዎች ሥራ ሆኖ ይቀራል፤ በጎዎቹ ሲደክሙ ይደክማል። ጤና ጣቢያችሁ ደግሞ የኅብረተሰብ ተወካዮች ያሉበት ቦርድ አለው፤ ከሕክምና የሚሰበስበውን የውስጥ ገቢ ምን ላይ እንደሚያውል የሚወስነው ያ ቦርድ ነው። አንድ ሰው አስገቡበት፤ ቢቻል ሴት ትሁን። ኅብረተሰቡ ለጤና ጣቢያው ነጥብ የሚሰጥበት አሠራርም አለ፤ በአክብሮት መስተናገድ፣ የመጠበቂያ ጊዜ፣ የመድኃኒት መኖር፣ ንጽሕና፣ አምቡላንስ እያለ ይጠይቃል። ብዙ ቦታ ለይምሰል ይሞላል። የእናንተ ጥምረት ይህን ቅጽ በቁም ነገር ይዞ ቢሞላው ብቻ ጤና ጣቢያው የሚሰማው ድምፅ ያገኛል።

ቀጥሎ የመጀመሪያውን ሥራ መምረጥ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጥምረቶች ይሰናከላሉ። ወባ፣ መጸዳጃ ቤት፣ ምግብ፣ ክትባት፣ ኤች አይ ቪ፣ ሁሉንም በአንድ ወረቀት ጽፈው አንዱንም ሳይይዙ ዓመቱ ያልቃል። አንድ ብቻ ምረጡ። ምርጫው ሦስት ነገር ያሟላ፦ በቀበሌያችሁ በብዛት ያለ ይሁን፣ በዓመት ውስጥ ለውጡ በዓይን የሚታይ ይሁን፣ ሌላ ሥራ ጎትቶ የሚያመጣ ይሁን። የእናንተን ቀበሌ ማህደር ሳላይ ይህን ምረጡ ብዬ መወሰን አልችልም፤ ቆላ ወርዳችሁ ዓባይ ሸለቆ ጫፍ ብትሆኑ ወባ ነው የምላችሁ። ደጋ ላይ ቀይ አፈር ያለበት የምሥራቅ ጎጃም ቀበሌ ከሆነ ግን እግርን እንድታስቡ እለምናችኋለሁ።

ዝሆኔ የምንለውን እብጠት ማለቴ ነው። በቆላ ትንኝ የምታስተላልፈው ሌላ ዓይነት አለ፤ በደጋችን የሚበዛው ግን ከአፈር የሚመጣው ነው፤ በሕክምናው ስም ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ ቀይ አፈር ባለበት፣ ዝናብ በሚበዛበት ደጋ ላይ በባዶ እግር ለዓመታት የሚሄድ ሰው ቆዳው ውስጥ ደቃቅ የማዕድን ብናኝ ይገባል፤ ብናኙም የእግርን ፈሳሽ የሚመልሱትን ቀጫጭን ቱቦዎች ያስቆጣል፣ ቀስ በቀስ ይዘጋል። እግሩ ያብጣል፣ ቆዳው ይወፍራል፣ ጣቶች መካከል ይሰነጠቃል። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ኢትዮጵያ ውስጥ ሠርቶ የአፈሩን ድርሻ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ የሚደጋገመው ለአፈሩ የመቆጣት ዝንባሌ በዘር ስለሚወረስ እና ሁሉም ያንኑ መሬት ስለሚረግጡ ነው። ጫማ ያደረገ ልጅ ዝንባሌውን ቢወርስ እንኳ በሽታው አይዘውም።

በደብረ ኤልያስ እና በደምበጫ ወረዳዎች ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የቤት ለቤት ቆጠራ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በላይ ከሆኑት መካከል 3.3 በመቶው ይህ በሽታ እንዳለባቸው አሳይቷል። ይህን ቁጥር ወደ ቀበሌያችሁ አምጡት። ከ1,000 አዋቂ 33 ሰው ማለት ነው፤ ከእያንዳንዱ እድር ጥቂት አባዎራ ወይም እማዎራ ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች ሰርግ አይጠሩም፣ ቢጠሩም ጥግ ይቀመጣሉ፤ ልጆቻቸው ሲታጩ «ዘሩ ነው» ይባላል። ብዙዎቹ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ሕዝቡ ሳይሞላ መጥተው ሳይወጣ ይሄዳሉ። የጎጃም ገበሬ በእግሩ ነው የሚኖረው፤ እግሩን ያጣ ሰው መሬቱን ለሌላ በእኩል ይሰጣል፣ ከዚያ ድህነቱ ይከተላል።

ሕመሙ ከእብጠቱ ይልቅ የሚያደቅቀው በየጊዜው በሚነሣው ትኩሳት ነው። እግሩ ይቀላል፣ ይግላል፣ ሰውየው ብርድ ብርድ ብሎት አልጋ ይይዛል፤ በየአካባቢው ምች ተብሎ የሚታለፈው ይህ ነው። የሚነሣውም በተሰነጠቀው ቆዳ ጀርም ሲገባ ነው። አሁን ደስ የሚለውን ነገር ልንገራችሁ። ከእናንተ ብዙም ሳይርቅ በአነደድ ወረዳ ወደ 700 የሚጠጉ ሕሙማንን ያሳተፈ ጥናት ተካሂዶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። በዕጣ ለሁለት ተከፍለው አንዱ ወገን ወዲያው፣ ሌላው ከአንድ ዓመት በኋላ የእግር እንክብካቤ እንዲጀምር ተደረገ። እንክብካቤው ያልጀመረው ወገን በዓመት በአማካይ ወደ 24 ጊዜ ሲታመም፣ የጀመረው ወደ 19 ጊዜ ወረደ። አንድ ሰው በዓመት 24 ጊዜ አልጋ ይዞ እንዴት ያርሳል? አምስቱን ማስቀረት እንኳ ብዙ የሥራ ቀን መመለስ ነው። ለዚህ ውጤት የዋለው ደግሞ ሳሙና፣ ውሃ፣ ጥቂት በረኪና፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ ነው። ልዩ ሐኪም አላስፈለገም።

አሠራሩን ልግለጽ፤ ምክንያቱም ጥምረታችሁ ሊሸከመው የሚችለው ይህንኑ ነው። ሕመምተኛው በየቀኑ እግሩን በሳሙና እና በውሃ ያጥባል። በጣም ትንሽ በረኪና በገባበት ውሃ ይዘፈዝፈዋል፤ ልኩን ባለሙያዋ ታሳያለች፣ በግምት መጨመር ቆዳውን ያቃጥላል። ጣቶች መካከል ያለውን በንጹሕ ጨርቅ ያደርቃል፣ ቅባት ይቀባል፣ እብጠቱ ለስላሳ ከሆነ በፋሻ ይጠቀልላል። ሲቀመጥ እግሩን ከፍ አድርጎ ያሳርፋል፣ ቁርጭምጭሚቱን ያንቀሳቅሳል። ከዚያ ካልሲ እና የተዘጋ ጫማ ያደርጋል። ሸበጥ እና በረባሶ አፈሩን አያስቀሩም። ኮንጎ ጫማ ከምንም ይሻላል፤ ግን ያልባል፣ ለተሰነጠቀ እግር ምቹ አይደለም። በጣም ያበጠ እግር ገበያ ላይ ልኩን አያገኝም፤ ለእሱ በልኩ የሚሰፋለት ጫማ ያስፈልጋል። ይህን የሚችል ጫማ ሰፊ ከከተማ ፈልጋችሁ የእናንተን ልጅ እንዲያሠለጥን አድርጉ። ሲያርስ ጭቃው ጫማውን የሚይዘው ገበሬ ደግሞ ቢያንስ ከእርሻ ሲመለስ ወዲያው እግሩን በሳሙና ይታጠብ።

የሳሙናውን፣ የቅባቱን እና የጫማውን ወጪ እድሩ ይሸፍን። ለቀብር የሚከፍል ገንዘብ ለቆመ ሰው እግር ቢከፈል ማንም የእድር ሽማግሌ አይቃወምም ብዬ አምናለሁ፤ ደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ መጨመር በቂ ነው። የሚያስተምሩት ደግሞ ራሳቸው ሕመምተኞቹ ይሁኑ። እግሩ የተሻለው ሰው ከየትኛውም ባለሙያ የበለጠ ይታመናል። በወላይታም ሥራው ሥር የሰደደው ታካሚዎቹ ራሳቸው አሠልጣኝ ስለሆኑ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ዓለም አቀፉ የኦርቶዶክስ ክርስቲያን በጎ አድራጎት ድርጅት በዚህ በሽታ ላይ ሲሠራ ቆይቷል፤ ሥልጠና የወሰዱ ሰዎች በዞኑ ስላሉ በወረዳው በኩል አፈላልጓቸው።

ካህናቱን የምፈልጋቸው ለሁለት ነገር ነው። አንደኛው ነውሩን ለማንሣት ነው። የነፍስ አባት «ይህ እርግማን አይደለም፣ ከአፈር የሚመጣ ነው፣ አይተላለፍም» ብሎ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት እሑድ ቢናገር በእኔ ጽሑፍ የማይመጣ ለውጥ ይመጣል። ሁለተኛው ጠበል ነው። ብዙ ሕመምተኛ ጠበል ቦታ ይከርማል፤ መድኃኒት መያዝ እምነት ማጉደል ይመስለዋል። ሟቹ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በኤች አይ ቪ ጉዳይ ጠበሉም መድኃኒቱም አብረው እንደሚሄዱ በግልጽ መናገራቸው ይታወሳል። የእናንተም ካህናት ያንኑ ለእግሩ ይበሉ፦ ተጠመቅ፣ ከዚያ አድርቅ፣ ቅባህን ተቀባ፣ ጫማህን አድርግ።

ለልጆች ነገሩ ይቀላል። መምህራኑ ጥምረቱ ውስጥ መኖራቸው የሚጠቅመው እዚህ ነው። በየክፍሉ ያለ ጫማ የሚመጣውን ልጅ ሳያሳፍሩ ይመዝግቡ፤ ተወላጆቹ በዓመት አንድ ጊዜ ለዚያ ልጅ ጫማ ይላኩ። የተላከው ጫማ ስንት ነው ብላችሁ ግን አትርኩ፤ ጥር ላይ ሂዱና ስንቱ ልጅ እግሩ ላይ አድርጎታል ብላችሁ ቁጠሩ። ለበዓል ተቀምጦ የሚቆይ ጫማ ብዙ ነው።

አሁን ይህ ሥራ ሌላውን እንዴት እንደሚጎትት አስተውሉ። እግር በየቀኑ ይታጠብ ስትሉ ውሃ ከየት የሚል ጥያቄ ይነሣል። ሴቲቱ በእንስራ ወይም በጀሪካን ከሩቅ የቀዳችውን ውሃ ለእግር ማጠቢያ ለመስጠት ትሳሳለች፤ ትክክልም ናት። ስለዚህ ሁለተኛው ዓመታችሁ የውሃ ዓመት ይሆናል። በዚህ ክልላችን ጥሩ ልምድ አለው። በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ የተካሄደው የገጠር ውሃ ፕሮግራም የጉድጓዱን ገንዘብ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል በቀጥታ ለተጠቃሚዎቹ ኮሚቴ የሚሰጥበትን መንገድ አምጥቷል። ሲሚንቶውን የሚገዛው፣ ቆፋሪውን የሚዋዋለው፣ ደረሰኙን የሚያስቀምጠው ራሱ ኮሚቴው ነበር። ገንዘቡን በእጁ ያስተዳደረ ሕዝብ ፓምፑ ሲሰበር ወረዳውን ደጅ አይጠናም። ከጉድጓዱ በላይ የማሳስባችሁ ይህን አሠራር ነው፦ በየወሩ ትንሽ መዋጮ፣ አንድ የሠለጠነ ጠጋኝ፣ በቁልፍ የተቀመጠ መለዋወጫ፣ አጥር። አጥር የሌለው ጉድጓድ የከብት መጠጫ ይሆናል።

ውሃ ሲመጣ ፊት መታጠብም ይመጣል፤ ያኔ ዓይን የሚያሳውረውን ትራኮማን ታነሣላችሁ። ትራኮማን የሚያዛምቱት ዝንቦች በሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ላይ ይራባሉ፤ ከዚያ የሕፃናት ፊት ላይ ያርፋሉ። በምሥራቅ ጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ የተደረጉ ሰፋፊ ጥናቶች በዘመቻ የሚታደለው መድኃኒት ኢንፌክሽኑን በጣም እንደሚቀንስ፣ እደላው ሲቆም ግን ተመልሶ እንደሚመጣ አሳይተዋል። የመድኃኒት ዘመቻው ሲመጣ ሁሉም ሰው እንዲወስድ አድርጉ፤ ለልጆቹ ደግሞ በየጠዋቱ ፊታቸውን የሚታጠቡበት ውሃ እና ሳሙና አይጥፋ። የዐይን ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ የታጠፈበትን ሰው ካያችሁ መቀንጠብን አቁሞ ለቀዶ ሕክምና እንዲሄድ ግፉት፤ ቀላል ቀዶ ሕክምና ነው፣ ዓይን ያድናል።

ስለ ጤና መድን በአጭሩ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ከአማራ ክልል ከተመረጡት ሦስቱ አንዱ የጎጃሙ ደቡብ አቸፈር ነበር፤ ስለዚህ ነገሩ ለአካባቢያችሁ እንግዳ አይደለም። መክፈል የማይችሉትን ቀበሌው በስብሰባ መርጦ ያስገባል፣ መንግሥትም ይከፍልላቸዋል። ሆኖም በጀቱ ለሁሉም ድሃ አይደርስም። ከዝርዝሩ ለጥቂት የቀሩ ሰዎች አሉ፤ አንዲት መበለት፣ አንድ ጎልማሳ ሕመምተኛ፣ መሬት የሌለው ወጣት ባለትዳር። ጥምረታችሁ የእነዚህን መዋጮ በየዓመቱ ቢከፍል ክሊኒክ ሳይሠራ ሐኪም አስገኘላቸው ማለት ነው። ሌላው ሰው ደግሞ እህል በሚሸጥበት በጥር እና በየካቲት እንዲከፍል እድሩ ያስታውስ፤ በክረምት ገንዘብ መጠየቅ ዋጋ የለውም። አባል ሆኖ ሳለ ጤና ጣቢያው መድኃኒት የለም ብሎት ከግል መድኃኒት ቤት የገዛ ሰው ካለ ደግሞ ቦርድ ላይ ያስገባችሁት ተወካይ በስም፣ በቀን፣ በመድኃኒት ዓይነት ይዞ ያንሣው። ሰው ከመድን የሚሸሸው በዚህ ምክንያት ነው።

አምቡላንሱን ለሚፈልጉት ወገኖች ደግሞ ይህን አቀርባለሁ። ብዙ ወረዳ አምቡላንስ አለው፤ የሚጎድለው ከቤት እስከ መኪና መንገድ ያለው ርቀት ነው። እድሩ በየጎጡ ቃሬዛ እና ተራ ያላቸው ተሸካሚዎች ይመድብ፤ ያልመጣ እንደ ቀብር ይቀጣ። የሾፌሩ ስልክ በየቤቱ ይለጠፍ። ከዚህም በላይ የሚበጀው እርጉዟ ቀኗ ሲቃረብ ወደ ጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ ቀድማ እንድትገባ ማድረግ ነው። ሴቶቹ የማይገቡት ቤት ውስጥ የሚቀሩትን ልጆች ማን ያያል፣ እዚያስ ምን እበላለሁ ብለው ነው። ጤፍ፣ ሽሮ፣ የገንፎ እህል እና ማገዶ ማቆያው እንዳይጎድለው ማድረግ ለእድር ሴቶች ቀላል ነው፤ በቤት የቀሩትን ልጆች ለጎረቤት ማደልም እንዲሁ። ባሎችን የሚያሳምነው ማን እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ።

አሁን ጥምረቱ እንዳይፈርስ ወደሚለው ጥያቄዎ እመጣለሁ። እድር በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት እንደ ሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት መመዝገብ አይጠበቅበትም፤ ይህ ነፃነት ይሰጣችኋል። ከውጭ ድርጅት ገንዘብ ለመቀበል ወይም ቋሚ ሠራተኛ ለመቅጠር ስታስቡ ግን ሕጋዊ አካል ስለሚያስፈልጋችሁ የክልሉን መዝጋቢ ጠይቁ። እስከዚያው ገንዘቡ ባንክ ይቀመጥ፤ ፈራሚዎቹ ሦስት ይሁኑ፣ አንዷ ሴት ትሁን፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ግን ፈራሚ አይሁን። ሊቀመንበር ይቀያየራል፤ ሥራውም ከፖለቲካው ጋር አብሮ ይነሣል፣ አብሮ ይወድቃል። ክልሉ ውስጥ ግጭት ባለበት በዚህ ዘመን ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው፤ ሳሙና የሚያድለውን ሰው ማንም ወገን የእኔ ወይም የጠላቴ ብሎ እንዳይፈርጀው ሥራችሁ የማንም ቀለም አይኑርበት። መንገድ ሊዘጋ ስለሚችልም የቅባት፣ የሳሙና እና የፋሻ ክምችት ለሦስት ወር የሚሆን ጤና ኬላው ይኑር።

አዲስ አበባ ያሉትን ወገኖቼን በግልጽ ልናገራቸው። የምትወዱትን አገር ለመርዳት ሕንፃ እና ስም የተጻፈበት ሰሌዳ መፈለጋችሁን እረዳለሁ፤ ለወላጅ መታሰቢያ ማቆም የቆየ ባህላችን ነው። ነገር ግን አንድ ጊዜ ብዙ ከመስጠት በየዓመቱ ጥቂት ለመስጠት ቃል መግባት ለዚህ ሥራ ይበልጣል። አሥር ሰው ለአምስት ዓመት የቆረጠው ዓመታዊ መዋጮ ጸሐፊውን ዕቅድ እንዲያወጡ ያስችላቸዋል። መታሰቢያ ከተፈለገም የአባታችሁን ስም በጉድጓዱ አጥር ላይ ጻፉት።

ሥራው ሁሉ የሚነሣው ከቤት ለቤት ቆጠራ ነው፤ እሱንም ከመስከረም በኋላ፣ መስኩ ደርቆ ሰው መንቀሳቀስ ሲጀምር አድርጉት፤ ባለሙያዋ ከፊት፣ ከእድሩ አንድ ሰው አብሯት። ያበጠ እግር፣ የታጠፈ ሽፋሽፍት፣ እርጉዝ፣ መድን የሌለው ቤት፣ እነዚህን አራቱን ብቻ ጠይቁ፤ የበለጠ ከጠየቃችሁ አይጨረስም። ውጤቱን በሚካኤል ወይም በማርያም ዕለት፣ ሰው ከእርሻ በሚቀርበት ቀን፣ ለጠቅላላ ጉባኤው የማንንም ስም ሳትጠሩ አንብቡለት። ከዚያ ያንኑ ወረቀት ለወረዳ ጤና ጽህፈት ቤት በደብዳቤ አስገቡና ማኅተም አስመቱበት። ቢዘገዩባችሁ ሁለተኛውን ደብዳቤ ለዞኑ ጤና መምሪያ ከግልባጩ ጋር ላኩ፤ ቆጠራው በእጃችሁ እስካለ ድረስ ግን የእግር ማጠቡን ሥራ ለመጀመር የማንንም መልስ መጠበቅ የለባችሁም።